ሁለት ባላ ትከል፤ የመሸንቲው ኮምፒዩተርና ሁለቱ ማኅደሮቹ

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል። ይህ ምክር ለቤት ሠሪና ለነጋዴ የተነገረ ይመስለን ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን በመሸንቲ ከአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ስለ ኮምፒዩተር ስንነጋገር ምሳሌው ደጋግሞ ሲነሣ ሰማን። የሚያስገርመው፣ ምሳሌውን የሚጠቅሱት ሰዎች ሁሉ ሁለት ባላ የተከሉ እየመሰላቸው በአንድ ባላ ላይ ተንጠልጥለው መገኘታቸው ነው።

መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ወደ ዳንግላ በሚወስደው ዐውራ ጐዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በመኪና የሚያልፍባት ብዙ ነው፤ የሚወርድባት ጥቂት ነው። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ አልጠብቅም ያለ ወጣት ሲሆን፣ ንብረቱ አንድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የፎቶ ኮፒ መኪናና ለባለጉዳይ የተዘጋጀች አንዲት አግዳሚ ወንበር ነው። የሚጻፈው የቤት ኪራይ ውል ነው፤ የሥራ ማመልከቻ ነው፤ የትምህርት ቤት ፈተና ነው፤ የእድር ደንብ ነው። አልፎ አልፎም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት የሚከታተሉ ሠራተኞች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያመጣሉ።

ወጣቱ የጠራን ኮምፒዩተሩ ዘገምተኛ ስለ ሆነበት ነው። «ጋሼ፣ ጧት አስነሥቼው ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲወርድ እሱ ገና ዐይኑን ያሻል» አለን። መድኃኒቱንም ራሱ አግኝቶ ነበር፤ 256 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስ ኤስ ዲ የሚባል አዲስ ማኅደር ገዝቶ በካርቶኑ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ዐሳቡም ዊንዶውሱን በአዲሱ ላይ ጭኖ፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ለጽሑፍ ማስቀመጫ ለማድረግ ነው። (ድራይቭ የሚባለውን በዚህ ጽሑፍ ማኅደር ብለነዋል፤ ዳዊቱ በማኅደሩ እንደሚቀመጥ ሁሉ የኮምፒዩተሩም ጽሑፍ የሚያድረው በዚያ ነውና።)

ዐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ሣጥኑን ለመክፈት ስንዘጋጅ ከውስጡ አንድ ድምፅ ሰማን፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያም ዝም፣ እንደገናም ጠቅ። ወጣቱ «ይህ ከፋሲካ ጀምሮ ነው» ብሎ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።

በዚያው ሰዓት አንዲት ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ገባች። ማስተርሷን የምትማር ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏም በጣና ዳርቻ ስለ ተስፋፋው እምቦጭ ነው። ይህ መጤ አረም በጣና ላይ መኖሩ የተረጋገጠው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እሷ ደግሞ አረሙ በየወሩ ምን ያህል እንደ ገፋ ለማሳየት አንድ ዓመት ሙሉ ከዳርቻው ፎቶግራፍ ስታነሣ ቆይታለች። ጽሑፉም፣ መጠይቁም፣ ፎቶግራፉም ሁሉ ያለው በዚሁ ጠቅ ጠቅ በሚለው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስልኳ ሲሞላባት የስልኩን ፎቶ አጥፍታዋለች። ጽሑፉን ለአማካሪዋ የምትሰጠው ሰኞ ነው።

ወጣቱ «አይዞሽ እኅቴ፣ ያንቺ ሥራ ሲ ላይ አይደለም፤ ዲ ላይ ነው» አላት። እሷም ተጽናናች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህች «ዲ ላይ ነው» የምትባል ቃል በአገራችን በየጽሕፈት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ትሰማለች። አመጣጧም ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒዩተር በቫይረስ ሲታመም ጠጋኙ ዊንዶውስ ያለበትን ሲ የተባለውን ክፍል ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ ይጭናል፤ በሲ ላይ የነበረ ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋል። በዲ ላይ የነበረው ይተርፋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ዲ ማለት ሌላ፣ ራሱን የቻለ ማኅደር ነው ብሎ አምኗል። በአብዛኛው ኮምፒዩተር ግን ሲና ዲ በአንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ በመሥመር የተለዩ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንዱን ጎጆ በመጋረጃ ከፍሎ ሁለት ቤት አለኝ እንደ ማለት ነው፤ ምሰሶው ሲወድቅ መጋረጃው ምንም አያድንም።

ይህን ስንነግራት ፊቷ ተለወጠ። ወጣቱም ተከራከረን፤ «ሁለት ሆኖ እየታየኝ እንዴት አንድ ይሆናል?» አለ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቍልፍ ከኤክስ ጋር አስጫንነውና ዲስክ ማኔጅመንት የሚለውን ከፈትን። በዚያ ሰሌዳ ላይ ማኅደሮቹ በየረድፋቸው ይታያሉ፤ አንድ ረድፍ አንድ ማኅደር ነው። የወጣቱ ሲና ዲ በአንድ ረድፍ ላይ ጐን ለጐን ተቀምጠው ነበር። ይህን መመልከት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በየቢሮው ያላችሁ ወጣት ሠራተኞችም ሰኞ ጧት ብትመለከቱት ብዙ የምትደነግጡ ይመስለናል።

ቀጥሎ ያደረግነው ነገር ትንሽ ቢመስልም የቀኑ ዋና ሥራ እሱ ነበር። የሚሞት ሃርድ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደ ቀረው ማንም አያውቅምና ሁሉን አንድ ጊዜ ልቅዳ ማለት ስሕተት ነው። በመጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፉን ብቻ፣ ቀጥሎ መጠይቁን ወደ ፍላሽ ቀዳን፤ ሁለቱ ተደምረው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ናቸው። ፎቶግራፎቹ ግን ብዙ ስለ ሆኑ ተውናቸውና ኮምፒዩተሩን አጠፋን። ልጅቱ ለምን አጠፋችሁት ብላ ደነገጠች። ምክንያቱም ዊንዶውስ በዚያ ዲስክ ላይ እየሠራ ሳለ በየሴኮንዱ የራሱን ጉዳይ ሲያነብና ሲጽፍ የደከመውን መኪና ያለ ፍሬ ስለሚያደክመው ነው። ይልቁንም አዲሱን ማኅደር አቁመን፣ አሮጌውን በኋላ እንደ እንግዳ አስገብተን ከእሱ መቅዳት ይሻላል። ወጣቱም አሮጌው ለጽሑፍ ማስቀመጫ እንደማይሆን አምኖ፣ 1 ቴራባይት የሚይዝ አዲስ ሃርድ ዲስክ እንዲገዛለት ወንድሙን በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ላከው።

ወንድሙ እስኪመለስ ቡና ተፈላና፣ ሁለቱ ዐይነት ማኅደሮች ስለሚለያዩበት ነገር ተጨዋወትን።

ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው። ብዙዎቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ዲስኮች በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ ማለት በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራሉ። ከሰሌዳው በላይ ከጠጕር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት የምትንሳፈፍ አንባቢ ክንድ አለች፤ የምትፈልገው ነገር ያለበት ቦታ ዞሮ እስኪመጣላት ትጠብቃለች። ያ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅም ብዙውን ጊዜ ይህች ክንድ ቦታዋን ስታ ደጋግማ ስትሞክር የሚሰማ ነው። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በ1949 ዓ.ም. መግቢያ (በ1956 እ.ኤ.አ.) አይ ቢ ኤም ያወጣው ራማክ የተባለው መኪና ነው። 50 ትልልቅ ሰሌዳዎች ነበሩት፤ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋ ነበር፤ የሚይዘው ግን በዛሬው መለኪያ 3.75 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። እንግዲህ በየገጹ 1,500 ፊደል ያለው ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ 1.35 ሜጋባይት ይሆናልና፣ ያ ቶን የሚመዝን መኪና ሦስት የአማርኛ ልብ ወለድ እንኳ አይችልም ነበር ማለት ነው። በወንድምየው ኪስ ከባሕር ዳር የሚመጣው ደግሞ እንዲህ ያሉትን ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ይይዛል።

ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። ጽሑፉን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ፣ በጥቃቅን የሲሊኮን ክፍሎች ውስጥ ነው። ብልሃቱ የተገኘው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ በነበሩት በፉጂዮ ማሱኦካ ነው። ክንድ የለ፣ መጠበቅ የለ። በሳታ ገመድ የሚገናኘው ዐይነት በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ ተራ ሃርድ ዲስክ ከ100 እስከ 200 ገደማ ነው። ዋናው ልዩነት ግን በዚህ አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሣ በሺህ የሚቈጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይሰበስባል፤ ሃርድ ዲስኩ ለእያንዳንዷ ክንዱን ሲያመላልስ ነው አቦሉ የሚወርደው።

ታዲያ ሁሉን በኤስ ኤስ ዲ ለምን አናደርግም? ገንዘብ ያለው ያድርግ። በጊጋባይት ሲሰላ ሃርድ ዲስክ ይረክሳል፤ ለብዙ ፎቶግራፍና ለቪዲዮ ፍጥነቱ ይበቃል። ደግሞም ኤስ ኤስ ዲ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ የያዘው ቻርጅ ቀስ በቀስ ሊሸሽ ይችላል፤ ለዓመታት ተዘግቶ ለሚቀመጥ ነገር አይመረጥም። ሁለቱን ማጣመር የደኻ ብልሃት ነው ቢባል አናፍርበትም።

ወንድሙ ሲመለስ ወደ ሥራው ገባን። የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቅለን፣ በእጃችን ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ እንዳይጐዳ የሣጥኑን ብረት ነክተን ከፈትነው። አዲሱን ኤስ ኤስ ዲ ከማዘር ቦርዱ የመጀመሪያ የሳታ ቀዳዳ ጋር አገናኘን። ለእያንዳንዱ ማኅደር ሁለት ገመድ ያስፈልገዋል፤ ጠባቡ ጽሑፉን የሚያመላልስ፣ ሰፊው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ። ትርፍ ገመድ አልነበረም፤ ነገር ግን ማንም የማይጠቀምበት የሲዲ ማጫወቻ በሣጥኑ ውስጥ ነበርና ገመዱን ከእሱ ወሰድን። ይህን ብልሃት ያገለገለ ኮምፒዩተር ያላቸው ተማሪዎች ቢያስታውሱት ገንዘብ ያተርፉበታል።

እዚህ ላይ ወጣቱ ሦስቱንም ማኅደሮች አንድ ጊዜ ሊያገናኝ ሲል እጁን ያዝነው። ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜ በሣጥኑ ውስጥ መኖር ያለበት ዊንዶውሱ የሚያርፍበት ማኅደር ብቻ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ዊንዶውስ ሲጫን ራሱን በመረጡለት ማኅደር ላይ ያስቀምጥና፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በር የምትከፍተውን ትንሽ ክፍል ግን በሌላው ማኅደር ላይ ሊያኖራት ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል፤ ወራት ያልፋሉ፤ ከዚያ አሮጌው ዲስክ ይሞታል ወይም ይነቀላል፤ አዲሱም ዊንዶውስ ምንም ሳይጐድልበት አልነሣም ይላል። ቤቱ መሸንቲ፣ ቍልፉ መራዊ ሆኖበት ነው። አደጋው በእኛም ላይ ከዓመታት በፊት ደርሶ ሁለት ሌሊት አሳድሮናልና የምናወራው በሰሚ ሰሚ አይደለም።

ስለዚህ ኤስ ኤስ ዲውን ብቻውን ትተን ከፍላሽ ጫንን። ስለ ምን እንጫን ጥቂት ክርክር ነበር። ኮምፒዩተሩ ለዊንዶውስ 11 የሚጠየቀውን ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል የለውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ እድሳት ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እኛ ኡቡንቱ ይጫን ብለን ነበር፤ ለተማሪ ዛሬም የምንመክረው እሱን ነው። ወጣቱ ግን «ደንበኞቼ የሚያመጡት ሁሉ የዎርድ ጽሑፍ ነው፤ እጄም የለመደው ፓወር ግዕዝ ነው» ብሎ በዊንዶውስ 10 ጸና። ንብረቱ የእሱ ነው፤ አልተስማማንም፤ ጫንነው።

ከዚያ አጥፍተን 1 ቴራባይቱን አስገባን። ባዶ ማኅደር ወዲያው አይታይም፤ ብዙዎችም ተበላሽቷል ብለው ለሻጩ ይመልሱታል። በዚያው ዲስክ ማኔጅመንት በተባለው ሰሌዳ ላይ ጂፒቲ የሚለውን መርጦ ማስጀመር፣ ከዚያ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጎ ዲ የሚለውን ፊደል መስጠት ነው። (ኤምቢአር የሚለው የቆየ አከፋፈል ከ2 ቴራባይት በላይ አያሳይም።) ወጣቱ 931 ጊጋባይት ብቻ አየሁ ብሎ ወንድሙን ተታለሃል ሊለው ነበር። አልተታለለም። ሠሪው ቴራባይትን በሺህ እያባዛ ሲቈጥር ዊንዶውስ በ1,024 እያካፈለ ስለሚያሳይ ነው። ኤስ ኤስ ዲውም 256 ተብሎ ተገዝቶ 238 ሆኖ ይታያል።

አሁን የቀረው ዶኩመንትስ የተባለውን ቦታ ማዛወር ነበር። በቀኝ ጠቅታ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሎኬሽን፣ ከዚያ ሙቭ፤ አዲሱን ቦታ በዲ ላይ ማሳየት። ይህ ካልተደረገ ሁለተኛው ማኅደር ባዶውን ይዞር ይሆናል እንጂ ጸሐፊው በልማዱ የሚያስቀምጠው ሁሉ ሲ ላይ እየተከመረ ኤስ ኤስ ዲው በጥቂት ወር ይሞላል።

በመጨረሻ አሮጌውን ዲስክ እንደ እንግዳ አስገባነው። ከመቅዳታችን በፊት ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ከኤስ ኤስ ዲው እንዲነሣ በባዮሱ ውስጥ ተራውን አስተካከልን፤ አሮጌው ዊንዶውስ በአሮጌው ዲስክ ላይ አለና ልቅደም ሊል ይችላልና። ልጅቱ ከአግዳሚው ተነሥታ ከኋላችን ቆመች። ፎቶግራፎቹ ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ተለይተው ተቀምጠዋል። መስከረም ተቀዳ፤ ጥቅምት ተቀዳ፤ ኅዳርም። ታኅሣሥ ላይ ያ ድምፅ ተመለሰ። መቅጃው ቆመ፤ ይህ ፋይል አይነበብም አለ። «ዝለለው» አልነው፤ ዘለለ፤ ጥቂት ቀድቶ እንደገና ቆመ። መብራትም በመካከሉ አንድ ጊዜ ሄደ፤ ዩፒኤስ ባይኖር ኖሮ ምን እንደሚሆን ለማሰብ አልፈለግንም። ሲጨለምብን የታኅሣሥ 14 ፎቶግራፎችና የጥር 3 ቀርተው ሌላው ሁሉ ተረፈ።

ልጅቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። «የታኅሣሡን ደግሜ ላነሣው አልችልም፤ አረሙን በዘመቻ ነቅለውታል» አለች።

ሥራው አልቋል ብለን ስንነሣ ወጣቱ የእድሩን ደንብ ለማየት ከዲ ላይ ከፈተ። ፊደል የለም። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና የማይታወቅ ምልክት ብቻ ነው። ቫይረስ መሰለው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት በአገራችን ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደል ቦታ የኛን ፊደል መልክ በሚያለብሱ ፎንቶች ነው። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ተገፎ ላቲኑ ይቀራል። ደንቡ በዲ ላይ ደኅና ነበር፤ ፎንቱ ግን የነበረው በአሮጌው ዊንዶውስ ሆድ ውስጥ፣ በሲ ላይ ነው። ደግነቱ አሮጌው ዲስክ ፎንቶቹን ለመስጠት እስትንፋስ ነበረው። ፕሮግራሙን መልሰን ስንጭን «አንቀጽ አንድ» ብሎ ፊደሉ ተመለሰ። የቀድሞ ጽሑፍ በዲ ላይ የምታኖሩ ሁሉ የጻፋችሁበትን ፎንት አብራችሁ አስቀምጡ፤ ጽሑፉንም በጊዜ ወደ ዩኒኮድ አዛውሩት።

አሁን ስለ ባላው። ወጣቱ ሁለት ማኅደር በማግኘቱ ደስ ብሎት «አሁንስ ሁለት ባላ ተከልሁ» አለ። እውነቱን ለመናገር አልተከለም። በአንዱ ዊንዶውስ አለ፤ በሌላው ጽሑፍ አለ፤ በሁለቱም ላይ የሚገኝ አንድም ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ሣጥን፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ናቸው። የክረምት መብረቅ በገመዱ ቢገባ ሁለቱን አይለይም፤ ሌባ ሣጥኑን ቢያነሣ ሁለቱን ይዞ ይሄዳል፤ በፍላሽ የሚገባ ቫይረስም ሲንም ዲንም ያውቃቸዋል። ሬይድ 1 በሚባለው አሠራር አንዱ ማኅደር የሌላው መስተዋት እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ እሱም ቢሆን የሚያድነው ከአንድ ዲስክ ሞት እንጂ በስሕተት ከማጥፋት አይደለም። መስተዋቱ ስሕተቱንም ያሳያልና።

ለጣና አካባቢ ሰው ይህ ነገር አዲስ ሊሆን አይገባም። የደሴቶቹ ገዳማት የብራና መጻሕፍትን በየዕቃ ቤታቸው ለዘመናት ጠብቀዋል፤ ያም ሆኖ በአንድ ቅጂ የነበረ ከጠፋ ጠፋ። ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. በጣና መጥቶ መጻሕፍቱን ፎቶግራፍ አነሣ፤ ዝርዝራቸውም ከ1973 ጀምሮ ታተመ። በዚያው በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ፊልሙ በአዲስ አበባ ብቻ አልተቀመጠም፤ ሌላ ቅጂ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ በሚነሶታ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። እዚያም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት፣ ለአሥርተ ዓመታት እያነበቡ ዘረዘሩት። ሁለተኛ ባላ ማለት ይህ ነው፤ አንዱ በአዲስ አበባ፣ አንዱ በሚነሶታ።

ከመሸንቲ ሚነሶታ ሩቅ ነው። ወጣቱ ግን እናቱ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ዘወትር ዓርብ ማታ ዲን በሙሉ ቀድቶ፣ ነቅሎ፣ እናቱ ዘንድ ሊያስቀምጥ ቃል ገባ። ነቅሎ የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ሁልጊዜ እንደ ተሰካ የሚኖር ቅጂ ቫይረስም መብረቅም ያገኘዋል።

ልጅቱ ፎቶግራፎቿን በሁለት ፍላሽ አስቀዳች። አንዱን በቦርሳዋ አደረገች። ሁለተኛውን ለወጣቱ መልሳ ሰጠችውና «ወንድሜ፣ ይኸን ለእናትህ ስጥልኝ» አለችው። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ጡሩንባውን ሲነፋ ሰማንና ሁለታችንም ሮጥን።